በጓደኛዬ ልክ የተሠራው ጥሩር

ደብረ ታቦር ላይ የጠፈር ወታደር ጥሩር፣ ማለትም የጦር ልብስ፣ የሚሠራ ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ካለም ተደብቆ ነው፤ እኔም ተደብቄ ነው የኖርኩት። ቀን ቀን የመሬት ልኬታ ባለሙያ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን በሬን ቆልፌ፣ ከሰል አያይዤ፣ አሮጌ ጀሪካን በሙቀት እያለሰለስኩ ደረትና ትከሻ አወጣለሁ። አከራዬ ሽታው ሲሰለቻቸው «ምን እያቃጠልክ ነው አንተ ልጅ?» ይሉኛል። የተሰበረ ዕቃ እየጠገንኩ ነው እላለሁ። እውነቱን ብነግራቸው ጠበል እንድገባ ነበር የሚመክሩኝ።

ጥሩሩ በአንድ የጠፈር ፊልም ላይ ከኋላ ረድፍ የሚቆም፣ ስም የሌለው፣ ፊቱ እንኳ የማይታይ ወታደር የሚለብሰው ነው። ፊልሙ ስልኬ ላይ አለ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሌላ ምስል ማግኘት ስላልቻልኩ፣ ወታደሩ የሚታይባትን አጭር ቦታ እያቆምኩ፣ በጣቴ እያሰፋሁ ነው የሠራሁት። በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ። ፊልሙ ላይ የሌለ ጭረት አይገባም፣ ያለውም አይቀርም። ሰው «ይመስላል እኮ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ወይ ነው፣ ወይ አይደለም።

የሚለብሰው ጓደኛዬ ነበር። ከዚህ ወጣ ብላ ያለችው የገሳይ ልጅ ነው፤ እዚህ ከተማ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ደረተ ሰፊ ሰው ስለነበር ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ ፊቱን ያጠቁራል። እኔ ቀጭንና አጭር ነኝ፤ የወታደሩ ቁመና ያለው እሱ ነው። ልኩን ስወስድ ገላውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከላይ ፕላስተር አጣብቄ፣ ጀርባውን በመቀስ ሰንጥቄ እንደ ቅርፊት አወለቅኩለት። ጀሪካኑን የቆረጥኩት ያንን ቅርፊት ዘርግቼ ነው። ስጠቀልለው «ቶሎ በል፣ ሽንቴ መጣ» እያለ ያጣድፈኝ ነበር።

የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከራስ ቁሩ እስከ ቅልጥሙ ሙሉውን ለብሶ አንድ ጊዜ መቆም። ግማሹን ለብሶ ፎቶ እንነሳ ስለው እምቢ አለኝ። በዚህስ ከእኔ ይብስ ነበር።

ደረቱ ያለቀ ዕለት ሲለብሰው ጣት አያስገባም ነበር። ከውሃ ቱቦ የሠራሁትን የክንድና የቅልጥም ክፍል ጨርሼ እንደገና ሳለብሰው ግን ደረቱ ላይ ተወዛወዘ። የተናደድኩት በፕላስቲኩ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ይለጠጣል። «ጀሪካኑ ሰፍቷል» አልኩት። እሱም «ጀሪካን ምን ይታመናል» አለኝ። ማሰሪያውን አጠበቅኩ። ቆይተን ስንሞክረው አሁንም ላላ። በዚህ ጊዜ እልህ ያዘኝና ያንን የፕላስተር ቅርፊት አውጥቼ በጥሩሩ ላይ ገጠምኩት። ከዳር እስከ ዳር ልክክ አለ። ፕላስቲኩ አልተለጠጠም። ቀና ብዬ ጓደኛዬን አየሁት። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነበር። እኔ ጨነቀኝ፤ ሳይለብሰው እንዳይቀር ብዬ ደረቱን ላጠብበው መጋዝ አነሳሁ። እጄን ያዘኝ። «አትንካው። ሲሻለኝ እገባበታለሁ» አለኝ። አልነካሁትም። ኮቱንና ሱሪውን ግን አንድ በአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ አስጠበበ፤ ተማሪዎቹ ፊት ተንጠልጥሎበት እንዲታይ አልፈለገም። በቀድሞ ልኩ የቀረ ልብስ አልነበረውም።

ጠበል እንዲጠመቅ እናቱ ዘንድ ገሳይ ሄደ። የቤቱን ቁልፍ እኔ ዘንድ ተወው። የራስ ቁሩን የመጨረሻ ቀለም ቀብቼ እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ሳለ አጎቱ ደወሉልኝ። መሞቱን ነገሩኝ፤ ቀጥለውም «ልብሱን ሁሉ ይዘህልን ና» አሉኝ።

በእኛ አገር የሞተ ሰው ልብሱ ለቅሶ ላይ ይወጣል። ዘመድ ኮቱን፣ ጋቢውን ይዞ በለቅሰኛው መሀል ይዞራል፤ አልቃሿም ያየችውን እያነሳች ትገጥማለች። ልብሱን በሻንጣ አደረግኩ። ጥሩሩን በጆንያ ከትቼ ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም። ሳስበው፣ ቤቴ ውስጥ ማየቱ አስፈርቶኝ ይሆናል።

ለቅሶው ላይ አጎቱ ሻንጣውን ከፈቱና ኮቱን ለእናቱ ሰጧቸው። እናቱ ኮቱን ዘርግተው አዩት። ትከሻውን በስንዝር ለኩት። «ይህ የማን ነው?» አሉ። የእሱ እንደሆነ ተነገራቸው። «አይደለም! የኔ ልጅ እዚህ ውስጥ ይገባል ወይ? የልጀን ልብስ አምጡልኝ!» ሱሪውንም፣ ሸሚዙንም አንስተው ወረወሩ። አጎቱ ሊያረጋጓቸው ቢሞክሩ አልሰማ አሉ። ለቅሶው ቆመ።

እኔ ጆንያውን ፈታሁና የጥሩሩን ደረት አውጥቼ ፊታቸው አቆምኩት። ከኋላዬ አንድ ሰው «ውይ፣ ወታደር ኖሯል እንዴ?» ሲል ሰማሁ፤ ሌላው ዝም በል አለው። ዘመኑ ዘመን ነውና ሰው ሁሉ ደነገጠ።

እናቱ ግን ተንበርክከው ጥሩሩን አቀፉት። እጃቸውን በዙሪያው አዞሩ፤ ጣቶቻቸው አልተገናኙም። ጉንጫቸውን ፕላስቲኩ ላይ እንዳስደገፉ ቆዩና ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ እማማ። በገላው ላይ ለክቸ ነው፤ ሳይታመም።»

«እንዳይከፋኝ ብለህ አልጨመርህበትም?»

«አልጨመርሁም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽም አልጨመርሁም፣ እማማ። እንዲህ ነበር።»

ጥሩሩን እንዳቀፉ ተነሡ። ሊያግዟቸው የተጠጉትን ሁሉ በክርናቸው ገፉና ወደ ለቅሰኛው ዞሩ። «ልጀ ይህን ያህል ነበር!» አሉ። «እዩልኝ፣ ይህን ያህል ነበር!» እያሉ በሰው ፊት ሁሉ ይዘውት ዞሩ።