ሐጂን «ሂ» ያልኩበት ቀን

ከሱቄ በላይ ባለው ፎቅ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልቤ ይመታል። ወጣቶቹ በአንድ ድምፅ «አይ ዎርክ፣ ዩ ዎርክ፣ ሂ ዎርክስ!» እያሉ ይጮኻሉ። ያቺ ከ«ሂ» በኋላ የምታፏጭ «ስ» ገና ጎረምሳ ሳለሁ አስፈራርታኛለች፤ ዛሬም አልተወችኝም። እኔን፣ ከዱባይ ተራ ድረስ «ጋሼ፣ እስቲ ያስተርጉሙልን» እየተባልኩ የምፈለገውን ሰውዬ!

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ብረግጥ ኖሮ ይሄ ጭንቅላት ይበላሽ ነበር። እንግሊዝኛን የተማርኩት አንዋር መስጊድ አጠገብ፣ ሐጂ ሙዘይን ቅመም ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው። ለመጠቅለያ ከተገዛ አሮጌ ወረቀት መሀል አማርኛው ከጎኑ የተጻፈበት አንድ የተቀደደ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አገኘሁ። ደህና ደህናው ገጽ ጥቁር አዝሙድ ይዞ ሄዷል። የቀረልኝ መደበኛ ግሶች የሚረቡበት ምዕራፍ ነበር፤ እሱን ኮረሪማ ሳይጠቀለልበት ነጥቄ አወጣሁት።

ማንም ሳያሳየኝ አንድ ትልቅ ነገር ደረስኩበት። በሰንጠረዡ ላይ «እሳቸው» የለም። ታዲያ ሐጂ በእንግሊዝኛ ምን ይባላሉ? አሰብኩ። በእኛ ቋንቋ እነሱም ሠሩ፣ እሳቸውም ሠሩ፤ ግሱ አንድ ነው። እንግዲያው እሳቸውም እንደ እነሱ «ዘይ» ናቸው። «ሂ» እና ጭራዋ «ስ» ለእኩያና ለታናሽ ይሁኑ። እንዲህ ያለውን ነገር ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እንኳ አያስበውም።

አንድ የክረምት ጠዋት፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው የበርበሬ ጆንያ ላይ ተደፉ። ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረዋል አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሐጂ ማለት ለእኔ አባት ናቸው፤ ከአገር ቤት ስመጣ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ስንደርስ የበርበሬ ነጋዴው ሁሉ በሌላ ታክሲ፣ በእግሩም ተከትሎን መጣ። ጎረቤት ታሞ ማን ሱቁ ይቀመጣል?

የተረኛዋ ሐኪም ፈረንጅ ናት፤ አስተርጓሚዋ ነርስ ደግሞ ማዋለጃ ክፍል ገብታለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«በል እንጂ ፈረንጁ!» አለኝ የሐጂ ታናሽ ወንድም ነስሩ። አሰብ ወደብ ሠርቶ የመጣ፣ ጥቂት እንግሊዝኛ የለቃቀመ ሰው ነው። «ስትፎክር ከርመህ የለ?»

ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ። ሐኪሟ እጇን ከአፏ ወደ መሬት እያወረደች «ቮሚት?» አለችኝ። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ገባኝ፤ ወዲያውም ኃላፊ ጊዜ አደረግኩት።

«የስ! ዘይ ቮሚትድ!»

«ዘይ?» አለች።

«ዘይ!» አልኩ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ።

ሐኪሟ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ኮሪደሩ አየች። ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ከበርበሬ ላይ ተነስቶ የመጣ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስላል፣ ያነጥሳል፣ ንፍጡን ይጠርጋል። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። አፏን በጨርቅ ሸፈነች፤ ጠባቂውን ጠርታ በሩን አስቆለፈች። ማንም እንዳይወጣ፣ ማንም እንዳይገባ!

«ምን አልካት?» ጮኸ ነስሩ።

«ሐጂ አስታወኩ ነው ያልኩት!»

«ታዲያ እኛን ምን አድርጉ ነው የምትለው?»

ሐኪሟ ሐጂን ትታ ኮሪደሩ ውስጥ የሰዎቹን ግንባር መዳሰስ ጀመረች። ሐጂ አልጋው ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ማቃሰት ተዉ። ዝምታቸው ከማቃሰታቸው ባሰብኝ። ባለቤታቸው እትዬ ራህመት እግራቸውን ይዘው «ቀዘቀዙብኝ፣ ኧረ ቀዘቀዙብኝ!» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። «ዘይ» ስላት ሁሉም ያስታወኩ፣ ወረርሽኝ የገባ መስሏታል። ማድረግ ያለብኝንም አወቅኩት፤ ግን ምላሴ እንቢ አለ። ሐጂን፣ ያውም ሚስታቸው ፊት፣ «እሱ» ልበል? ነስሩ ይሰማል። በጥፊ ያጮለኛል፣ ከቅመም ቤቱም ያባርረኛል። ሐጂ ደግሞ ከንፈራቸው እየጠቆረ ነው።

ሮጬ የሐኪሟን እጅጌ ያዝኩ። «ኖ ዘይ! ዋን! ሂ!» ሐጂን በጣቴ ጠቆምኩ። «ሂ ቮሚትስ! ሂ!»

«አንተ ባለጌ! ሐጂን ነው ‹እሱ› የምትለው?» ነስሩ አንገቴን አነቀኝ።

ሐኪሟ ግን ከእኔ አልፋ ሄዳለች። የሐጂን ሆድ በቀኝ በኩል ወደ ታች ጫን አድርጋ ስትለቀው ሐጂ የጮኹት ጩኸት የነስሩን እጅ ከአንገቴ ላይ አላቀቀው። ወዲያው እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምና ወሰዷቸው። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ሊፈነዳ ደርሶ።

ሐጂ ነፍሳቸው መለስ ስትል ነስሩ ክስ አቀረበብኝ። እኔም የ«ዘይ»ን ነገር ተናዘዝኩ። ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው ሁለታችንንም ሰሙን።

«ተወው» አሉት። ወደ እኔ ዞረው፦ «አንተ ልጅ፣ በ‹እሳቸው› ልትቀብረኝ ነበር እኮ!»

እንደ እኔ ከሆነ ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ነው። ይህን ያህል አገር የገዛ ቋንቋ ለሽማግሌ የሚሆን አንድ ቃል አጣ?

ባለፈው ወር እኔም ለምርመራ ገብቼ ነበር። ሁለት ልጅ እግር ሐኪሞች የማይገባኝ መስሏቸው በእንግሊዝኛ ስለ እኔ ያወራሉ። «ሂ ኒድስ…» ይላል አንዱ፤ «ሂ ሉክስ…» ይላል ሌላው። በዚህ ዕድሜዬ «አንቱ» የማይለኝ የለም፤ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ይበሉ። እዚያ አልጋ ላይ የተኛሁት አንድ ሰው ነኝ፤ በደንብ ይዩኝ።