የአማኑ ኤድዊን

አማንና ሚዛን ውስጥ ኤድዊን የቡና ማድረቂያ አልጋ ያልሠራለት ነጋዴ ቢፈለግ አይገኝም። እጁን ሁሉም ያመሰግናል፤ ስሙ ግን ሁሉንም ያስቃል። ቤንችኛ ሲናገር የሚያስቀና የአገሩ ሰው የእንግሊዝ ስም ከየት አመጣ? ፈረንጅ ያሳደገው ነው የሚል ነበር፤ አባቱ የፈረንጅ ምግብ አብሳይ ነበሩ ያለም አልጠፋም። ሰው ሥራ ሲፈታ ምን የማይለው አለ! እሱ ፈገግ ብሎ ሚስማሩን ይመታል።

ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድም ቀን በዚህ ስም ጠርተውት አያውቁም፤ ለእሳቸው ተረፈ ነበር።

ሚዛን ላይ ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዓመት፣ ባስልኤል የሚባል የቴፒ ወጣት ቤተሰቦች የኤድዊንን ልጅ ዮሃናን ለእሱ ለማጨት ሽማግሌ ሊልኩ መሆኑ ተሰማ።

ዮሃና ቀና ብላ ሳታየው፣ "አባዬ፣ ሰዎቹ ዘር ቆጣሪዎች ናቸው። የዚያን ቀን ብቻ ተረፈ ተባልልኝ" አለችው።

"እሺ" አላት። እሺ ማለቱ ግን ውስጡን በላው።

በማግስቱ የእንግሊዝኛ መምህሩ ባየ ዘንድ ሄዶ የስሙን ትርጉም ጠየቀው።

"የጥንት እንግሊዞች ስም ነው" አለው ባየ። "መጀመሪያው ሀብት፣ በረከት ማለት ነው፤ መጨረሻው ወዳጅ። የበረከት ወዳጅ እንደ ማለት።"

"ታዲያ በረከት ቤቴ የጠፋበት ለምንድን ነው?" ብሎ ሳቀ ኤድዊን። ለልጁ ይዞላት የሚገባ ነገር ፈልጎ ነበር፤ ይህ የሚበቃት አልመሰለውም። እውነተኛውን ታሪክ ደግሞ ነግሯት አያውቅም። ሰው ሞቶለት መወለዱን ማውራት ያሸማቅቀው ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ዮሃና ከመጋረጃው ጀርባ ሆነች።

"የማንን ልጅ እንደምንጠይቅ እንወቅ፤ ስምዎ ማን ይባላል?" አሉ ታላቁ ሽማግሌ አቶ ሸዋንግዛው።

"ተረፈ" አለ። ትንሽ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። "ይህ እናቴ ያወጣችልኝ ነው። አባቴ ያወጣልኝ ኤድዊን ነው።"

"ምን ማለት ይሆን?"

"አባቴ ትርጉሙን አያውቀውም ነበር። ኤድዊን የሚባል እንግሊዛዊ ነርስ ነበር። እናቴ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ሲያሻግሯት ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቃሬዛውን ከፊት የያዘው እሱ ነው። እሷን ዳር አድርሶ፣ ውሃ ውስጥ የቀረ ተሸካሚ ሊያወጣ ተመለሰ፤ ደራሽ ጎርፍ ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። እዚህ አገር ዘመድ የለው፣ መቃብር የለው። አባቴ፣ ስሙ እንኳ አብሮት አይሂድ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።"

አቶ ሸዋንግዛው ልጅቱን ለመጠየቅ ተነሡ፤ አፋቸው ላይ የቀረው ግን የመጀመሪያው ስም ነበር። "እንግዲህ የአቶ ተረፈን ልጅ..." ብለው ጀመሩ።

የምትታጭ ልጅ ድምጿ በማይሰማበት በዚያ ሰዓት፣ ዮሃና ከመጋረጃው ጀርባ እያለቀሰች፣ "የኤድዊንን ልጅ በሉ፣ አባባ" አለች።