ሥርጉት ያላስተማረችው ትምህርት

ሥርጉት የሥነ ዜጋ መምህርት ሆና ሞጣ ስትመደብ፣ አገሯን ለሚጠይቃት ሁሉ የቢቸና ልጅ ነኝ ትል ነበር። ከቢቸና የት አካባቢ የሚላት ከተገኘ ደግሞ፣ ብዙም አልኖርኩበትም ብላ ወሬውን ወደ ሌላ ትመልሰዋለች። እናቷ ይርጋነሽ ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ መንደር ሸክላ እየሠራች እንዳሳደገቻት የሚያውቅ ሰው በትምህርት ቤቱ አልነበረም።

በዚያ አገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዐይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ድስቱን ይገዙታል፣ ማረሻውን ያሠሩታል፤ ከሠሪው ጋር ግን ማዕድ አይቆርሱም፣ ልጃቸውንም አይድሩለትም። ሥርጉት ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገብታ ስትመረቅ ይህን ሸክም እዚያው አራግፋው የመጣች መስሏት ነበር። እናቷን የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሸክላ ይዛ ሞጣ ገበያ እንዳትመጣ። ይርጋነሽ ለምን ብላ አልጠየቀችም። እንስራዋን ደብረ ወርቅ ድረስ እየወሰደች ትሸጣለች እንጂ ከዚያ አታልፍም።

መቻቻልን በማስተማር እሷን የሚያህል የለም ይሉ ነበር። ምዕራፉ ሲደርስ መጽሐፉን ትዘጋና ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁትን ታነሣለች። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ጎረቤት ከብቱ በራሱ ሰው ታርዶ፣ ወጡም ለብቻ ተሠርቶ እንደሚቀርብ ራሳቸው እንዲናገሩ ታደርጋለች። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ እኩል እጁን ያወጣል። ከሌላ ክልል የተመደቡ የጤና ባለሙያዎች ልጆች አማርኛቸው ሲሰበር የሚስቅ ቢኖር ክፍሉ ራሱ ይገሥጸው ነበር። ርእሰ መምህሩ ጓዴ ከወረዳ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስገባው እሷ ዘንድ ነው።

በዚያው ክፍል፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ አገሬ የምትባል ልጅ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። የቀጥቃጩ የአያ ፋንታ ልጅ ናት። ዕረፍት ሲደወል ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከእሷ ዐይን ይከልላሉ። ሥርጉት ይህን ታያለች። ተማሪዎቹን ቦታ ስታቀያይር አገሬን ከሌላ ልጅ ጋር ላስቀምጣት ትልና፣ ለዚች ልጅ ምን አስቆረቆራት የሚል ሰው እንዳይነሣ ፈርታ ትተወዋለች።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አገሬ ወደ ኋላ ቀረችና፣ "ቲቸር፣ የእኛ ነገር መጽሐፉ ላይ የቱ ገጽ ነው ያለው?" ብላ ጠየቀቻት።

የእናንተ ምን አላለቻትም። "ሁሉም ውስጥ አለ፤ በደንብ አንብቢው" ብላት ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ጸደንያ የምትባል የክፍሉ ተማሪ ታመመች። ሐኪም ቤት ታይፎይድ ነው ቢላቸውም ቤተሰቦቿ ጠበል ወሰዷት፤ እዚያም የአገሬን ስም ጠርታ ለፈለፈች ተባለ። በማግስቱ ተማሪዎቹ አገሬ ካለች አንገባም ብለው በር ላይ ቆሙ። ጓዴ ሥርጉትን ቢሮ ጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩ እስኪበርድ ልጅቷን ወደ ሌላ ሴክሽን እናዛውራት፣ ወይስ አንቺ ታነጋግሪያቸዋለሽ፣ ያንቺን ቃል ይሰማሉ አላት። ሥርጉት ክርክሩን ከጀመረች ነገር ነገርን እያነሣ የት እንደሚያደርሳት ታወቃት።

"ብትዛወር ለራሷም ይሻላታል" አለች።

አገሬ ደብተሯን ሰብስባ ስትወጣ የሳቀባት አልነበረም፤ ደህና ሁኚ ያላትም አልነበረም። አዲሱ ሴክሽን ውስጥ ወሬው ቀድሟት ገብቶ ጠበቃት። ለጥቂት ጊዜ መጣች፤ ከዚያ ቀረች።

ሴሚስተሩ ሲዘጋ ሥርጉት ቢቸና ሄዳ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። ይርጋነሽ ጭቃዋን እያሸች ሰማቻት። ሲያልቅ ቀና ብላ፣ "መምህር ሀብተ ሥላሴን ረሳሽው?" አለቻት።

አልረሳችውም። ትንሽ ልጅ ሳለች ተማሪዎቹ ቂጣዋን ነጥቀው መሬት ላይ ጣሉባት። ከደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ወጥቶ አስተማሪ የሆነው ሀብተ ሥላሴ ቂጣውን አንሥቶ፣ አፈሩን አራግፎ ክፍል ይዞት ገባ። ምክር አልመከረም፣ አልተቆጣም። ሰሌዳው ፊት ቆሞ እያዩት በላው፤ የተረፈውን ለእሷ ሰጥቶ ወደ ሒሳቡ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሚሰድባት ባይጠፋም ምግቧን የነካባት የለም። ይርጋነሽ እንደነገረቻት ሰውየውን ብዙ አምተውት ነበር፤ የቅኔ ሰው ስለሆነ መድኃኒት አለው እንጂ ሌላው ቢበላው ይሞት ነበር ይሉ ነበር።

"እሱ እኮ ወገናችን አልነበረም" አለችና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ሥርጉት ሞጣ እንደደረሰች ከከተማው ዳር ወዳለው የአያ ፋንታ ቤት ሄደች። ሰውየው ማጭድ እየቀጠቀጠ ነበር። መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣላትና፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ እያለ በርጩማ አቀረበላት። አገሬ ባሕር ዳር ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ እንደምትይዝ ነገራት። ማንንም አልወቀሰም። ሥርጉት በርጩማውን ወደ እሱ ጠጋ አድርጋ፣ "አያ ፋንታ፣ እኔ የሸክላ ሠሪዋ የይርጋነሽ ልጅ ነኝ" አለችው።

"እናውቃለን" አላት። ከዚያ ወዲህ አንቺ ይላት ጀመር። "የእናትሽ የእኅት ልጅ የባለቤቴን ወንድም አግብታ የለ? ከመጣሽ ጀምሮ እናውቃለን። እንጀራዋን እንዳትዘጉባት፣ አንድ ቃል እንዳይወጣችሁ ብዬ ልጆቼን አስጠንቅቄ ነበር።"

"አገሬም ታውቅ ነበር?"

"እንዴት አታውቅ! ቤት ስትገባ ወሬዋ ሁሉ አንቺ ነበርሽ።"

ሥርጉት የልጅቷ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባት። አገሬ ያንን ስትጠይቃት እያወቀች ነበር፤ ከወገኗ አንዲት ቃል ስትጠብቅ ነበር። ሳታጋልጣት፣ ሳታሳፍራት ጠይቃት ነበር።

አያ ፋንታ ስልክ ደወለላትና ሰጣት። አገሬ በትሕትና አነጋገረቻት፤ ደህና ነኝ፣ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው አለች። ሥርጉት ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ተመለሽ፣ እኔ ራሴ ይዤሽ ክፍል እገባለሁ አለቻት። በዚያኛው በኩል ሕፃን ያለቅሳል።

"አይ ቲቸር፣ አሁንማ ለምጃለሁ። ልጁ ተነሣብኝ" ብላ ዘጋችው።

ትምህርት ሲከፈት ሥርጉት ክፍል ገብታ ስለ ራሷ ነገረቻቸው። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ረጅም ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አጭር ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ አገሬ ስትወጣ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው አለቻቸው። ኋላ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። ድና የተመለሰችው ጸደንያ አንገቷን ደፋች።

የፈራችው ያህል አልከፋም፤ የተመኘችው ያህልም አላማረም። አከራይዋ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ዘመድ ሊመጣብኝ ነው ብለው በጨዋ ደንብ ቤታቸውን አስለቀቋት። ምሳ አብረዋት ይበሉ ከነበሩ መምህራን አንዳንዶቹ ጾም ሳይኖር መጾም አበዙ። ጓዴ አልራቃትም፤ ግን የአገሬ ስም ሲነሣ እሱም ዐይኑን ከሰሃኑ አያነሣም። ይርጋነሽ ወሬውን በስልክ ስትሰማ፣ ቤትስ አገኘሽ ወይ ብቻ ነው ያለችው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጸደንያ ከክፍል ውጭ ጠብቃ የአገሬን ስልክ ቁጥር ጠየቀቻት። ሥርጉት ሰጠቻት። ትደውል አትደውል አላወቀችም፤ ጸደንያን መልሳ ለመጠየቅም አልደፈረችም።