በቀይ ክር የታሰረው ባቄላ

በደርግ ጊዜ ዳባት አካባቢ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ደግ ባልቴት ባቄላቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ቢጫ እየሆነ ቀጨጨባቸው። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ባቄላውን የሚያቀጭጨውን ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል፤ ከታመመው የተያዘ ዘርም በሽታውን ይዞ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ ማሳውን አብረን ዞርንና ጤነኛ ያገኘነውን አሥራ አምስት እግር ባቄላ በቀይ ክር አሰርነው።

«ይኼ ለብቻው ተወቅቶ ለዘር ይቀመጥ። ሌላውን ይብሉት» አልኳቸው።

ከአጨዳ በኋላ አንድ አርብ ብቅ አልኩ። ገና ከመቀመጤ የባቄላ ንፍሮ ቀረበልኝ። ፍሬው ድብልብል ያለ፣ አንድም ጭርምት የሌለበት ነው። «አፈር ስሆን» እያሉ ሁለተኛ ጣባ አስደገሙኝ፤ እኔም እያመሰገንኩ ጠራርጌ በላሁት።

«በሉ አሁን ዘሩን ያሳዩኝ፣ እማማ።»

«የቱን ዘር?»

«ያን በቀይ ክር ያሰርነውን።»

ባዶውን ጣባ አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ።

«እሱንማ አሁን በላኸው እኮ፣ ልጄ።»

«የታመመውስ?»

«ለዘር አስቀምጨዋለሁ። ለእንግዳ የታመመ እህል ይቀርባል እንዴ? መሬቱ እንደሆን አይታዘበኝም።»