ለእፍኝ ማሽላ የተተወ ስም

አባቴ ዓይኔን አላሠራም ካሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ደብረ ብርሃን ይገፈፋል ብሎናል። እሳቸው ግን «የማየውን አይቻለሁ» ይላሉ። ትንሽ ከገፋኋቸው «ከአላህ ጋር ልታጣዪኝ ነው?» ይሉኛል። ዱዓ ብቻ አደርግ ነበር።

ከቀወት ገጠር ሸዋ ሮቢት ያመጣኋቸው ብቻቸውን መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው ነው። ቤቴ ደጃፍ ሽንኩርትና ቲማቲም እቸረችራለሁ። እሳቸው ከኋላዬ በርጩማ ላይ የዱዓ መቁጠሪያ ተስቢሃቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ከዓይናቸው ይልቅ ያስጨነቀኝ ዝምታቸው ነበር። ድሮ ሰፈሩ ሁሉ የሚዘራበትን ቀን የሚጠይቃቸው ሰው፣ አሁን ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ሲጠየቁም «እኔ ምን አውቄ» ይላሉ።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ውስጡ ሰማይን የሚያሳይ ፕሮግራም አለ። ቦታና ቀን ሲነግሩት የዚያን ቀን ሰማይ ያወጣል፤ በጠራራው ቀን፣ ፀሐይ እያነደደን፣ ኮከብ እናያለን። የምትፈልጋቸውን ኮከቦች አንድ ላይ መርጣ በቀለም ታስራቸውና ስም ትለጥፍባቸዋለች። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ቢዞርም ስሙ ከኮከቦቹ አይለይም። ፕሮግራሙ ይዞት የመጣውን የውጭ ስም ሁሉ አጥፍታዋለች።

«እማ፣ የኛ ሰው ምን ይላቸዋል? ለሳይንስ ትርኢት ልጽፈው ነው።»

እኔ አላውቅም። አባቴ ለወንድሞቼ ሲያሳዩ እኔ ውሃ እቀዳ ነበር። ጠይቄም አላውቅ። ወደ አባቴ ዞር አልኩ።

«ሰማዩን ሣጥን ውስጥ ከተታችሁት?» አሉ።

«ሣጥን አይደለም አባባ፣ ኮምፒውተር ነው።»

«ምንስ ቢሆን፣ እኔ እንደሁ አላየው።»

«እኔ አይቼ እነግርዎታለሁ። አንቱ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

ደንበኛ መጣ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሰጠሁት፣ ሄደ። ከዚያ ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ።

«ሱረያን ጻፊ። በሰኔ፣ ሱብሒ ሊደርስ ሲል፣ በምሥራቅ ዝቅ ብላ ትወጣለች። ሰባት ናት ይሏታል። እሷ ስትወጣ ገበሬ ሞፈሩን ያያል።»

ልጄ ቀኑን ልትሞላ ስትል እኔ ነኝ የነገርኳት። ሰኔ አሥረኛ ወር ነው፣ አሥር በዪ፤ ሱብሒ ሊደርስ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ አሥራ አንድ በዪ አልኳት። እንዳልኩት ብትጽፍ ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ፤ ቀን ነው። «የሌሊቱን አድርጊዋ!» ብዬ ተቆጣሁ። ሃያ ሦስት አለችው፤ ጨለመ። በምሥራቅ ዝቅ ብለው ሰባት ደማቅ ኮከቦች ወጡ። ቆጠረቻቸው። ሰባት! በቢጫ አሰረቻቸውና «ሱረያ» ብላ ለጠፈች።

«አገኘኋት አባባ! እንዴት ታበራለች!»

«ታበራለች?» አሉ አባቴ። «ሱረያ እንኳ ብዙም አታበራ። እንደ ጫጩት ተሰብስባለች ወይስ ተዘርግታለች?»

«ሰፊ ናት። አራቱ በአራት ማዕዘን፣ ሦስቱ መሐል ላይ ተሰልፈው...»

አባቴ በርጩማው ላይ ተስተካከሉ። «ሦስቱ ተሰልፈው? እሱማ ጥማድ ነው! ሁለት በሬና አራሹ! በሰኔ ሱብሒ ጥማድ ከየት መጣ? ገና ከመሬት አልወጣም። እስቲ ከሱ ሽቅብ እዪ፣ አንድ ላይ የተሰበሰቡ ትናንሾች የሉም?»

«አሉ፣ አባባ።»

«ሱረያ እሷ ናት። ልጆች፣ ይኼ የጥቅምት ሰማይ ነው። ሌሊቱም ገና አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ለሰኔ ዘር ጥቅምትን አመጣችሁልኝ!»

ስህተቱ የኔ ነው። ሰኔ አሥረኛ የሚሆነው በኛ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ አሥር ስንለው ጥቅምትን አወጣ። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የሱ ሃያ ሦስት የኛ የሌሊት አምስት ነው። ስድስተኛ ወር፣ በፈረንጅ የንጋት አምስት ሰዓት ብላ አስተካከለችው። ጥማድ ጠፋ። ሱረያ በምሥራቅ ዝቅ ብላ ብቻዋን ብቅ አለች፣ ልክ እንዳሉት።

ዓይን ያለን ሁለት ሰዎች የሳትነውን እሳቸው በጆሯቸው አረሙት። አባቴ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! «ሽንኩርት ትሸጥ፣ ቀን መቁጠር ግን ይቅርባት» አሉ ለልጄ፣ እኔን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይጠብቋታል። ቢጫው ማሰሪያ ከጥማድ ተፈቶ ለሱረያ ሆነ፤ ጥማድ የራሱን ስም አገኘ። ሌሎችም ተከተሉ። አንዷ ግን አስቸገረች። «እፍኝ ማሽላ» ይሏታል፤ በየካቲት፣ ከማታው የዒሻ ሶላት በኋላ አናት ላይ የምትሆን፣ እፍኝ እህል የተበተነ የምትመስል ደብዛዛ ናት።

«ደብዛዛማ ብዙ ነው አባባ። የቱ ነው? ከየቱ አጠገብ?»

ሊነግሯት ሞከሩ። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ አሉ። መጨረሻ ላይ ደከማቸው። «በአፍ አይነገርም። በጣት ነው የሚነገር።»

ልጄ ስሙን ጽፋ፣ የትኛውም ኮከብ ላይ ሳታስረው ሰማዩ ጥግ ላይ አቆመችው። ትርኢቱም ላይ እንዲያው ቆሞ ቀረበ። አባቴ ግን አልተዉትም። በየቀኑ ይጠይቃሉ።

«እፍኝ ማሽላ የት ደረሰች?»

«ጥግ ላይ ቆማለች።»

«እንዳትለጥፊያት የማንም ኮከብ ላይ!»

«ታዲያ ማን ያሳየኝ?»

እሳቸው ተስቢሃቸውን መቁጠር ያዙ። በሦስተኛው ቀን፣ ሱብሒ ሰግደው ሲጨርሱ፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ «የደብረ ብርሃን መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣ?» አሉ።

«አሥራ ሁለት» አልኩና ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያው ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ወረድኩ።

አንድ ዓይናቸው ተሠራ። ስንመለስ የጣርማ በር ተራራ ላይ ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ፤ ክንዴን ጨበጡኝ።

«ዓይኔ ነው ወይስ ጉሙ?»

«ጉሙ ነው አባ።»

«እርግጠኛ ነሽ? አንቺ እኮ ሰኔና ጥቅምትን አትለዪም።»

ከደብረ ሲና በታች ጉሙ ተገለጠ። እስከ ቤት ድረስ ቆላውን ሲያዩ መጡ።

በማግስቱ ልጄ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው፤ የካቲትን ከፈተችላቸው፣ በትክክል። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አስቀመጡ። «ይቻት።»

ጣታቸው ሳይነሣ ዙሪያውን መረጠች፣ አሰረች፤ ጥግ የቆመውን ስም አምጥታ ለጠፈችው።

«አንቱንስ ማን አሳየዎት አባባ?»

«እናቴ። ከወንዝ ውሃ ቀድተን ስንመለስ፣ አምሽተን።»

ከዚያ ቀና ብለው በአዲሱ ዓይናቸው እኔን ፈለጉኝ።

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ነይ፣ ላሳይሽ።»

ቲማቲሙን ሚዛኑ ላይ ትቼ ሄድኩ።