አባቴ ፈረሱን በኳስ የተወራረደበት ዓመት

ባለፈው ሰኔ ዳንግላ ላይ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። የፊት መስታወቱ ላይ የአንድ የእንግሊዝ ክለብ ቀይ ተለጣፊ ነበር። ዓይኔ እዚያ ላይ መቅረቱን ሾፌሩ በመስታወት አይቶ «ቲቸር፣ እርስዎም የእነሱ ደጋፊ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ልመልስለት ስል አንድ ጋሪ በጎናችን አለፈ። ዝናቡ የደበደበው ፈረስ ጎኑ ይጨስ ነበር፤ ያ የረጠበ ፀጉር፣ የላብና የገለባ ሽታ በባጃጁ ሸራ ቀዳዳ ገብቶ ፊቴን መታኝ። «አይደለሁም» አልኩት። ሰፈሬ ሳልደርስም አስቁሜው ወረድኩ።

ያደግኩት እንጅባራ ከተማ ጥግ፣ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የማይለቀን፣ ጠዋት በር ሲከፈት ከሰው ይልቅ ጉም ቀድሞ የሚገባበት ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ቸኮል ድንችና ገብስ የሚያርስ፣ ጭቃ ከእግሩ የማይጠፋ ገበሬ ነበር፤ ፈረሰኛ ሁሉ በሚጋልብበት በጥር ጊዮርጊስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ያን ቀን ነጭ ለብሶ ፈረሱ ዳማው ላይ ሲወጣ፣ በየቀኑ ከእኛ ጋር ገንፎ የሚበላው ሰውዬ እሱ መሆኑን ለማመን ይቸግረኝ ነበር። ዳማው ግንባሩ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ያለችው፣ አንገቱን ሰብሮ የሚሄድ፣ ሕዝብ ሲያይ የሚኮራ ፈረስ ነበር። አባቴ ከቀበሌ ሰዎች ጋር በአማርኛ፣ ከእኛ ጋር በሁለቱም እያቀላቀለ ያወራል፤ ከዳማው ጋር ግን የሚያወራው በአዊኛ ብቻ ነበር። እናቴ «ለእኔ ያልነገረኝን ሁሉ ለፈረሱ ነግሮታል» እያለች ትስቅበት ነበር።

አባቴን ኳስ ያስለመደው አያ ታረቀኝ ነው። አያ ታረቀኝ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ሚስቱ እኔን ክርስትና ያነሳችኝ፣ ገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፋ፣ የተጠቀለለ ትልቅ ሪዝ ያለው ተጫዋች ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራው በኋላ ግድግዳው ቀርቀሃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ወደሆነ ዲሽ ቤት አባቴን እየጎተተ ይወስደው ጀመር። አባቴ የአማርኛም የእንግሊዝኛም ፊደል ስለማያውቅ በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ማን ከማን ጋር ስንት ለስንት እንደሆነ እንዳነብለት እኔን ይዞ ይሄዳል። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ መጀመሪያ አካባቢ «ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» ያሉ አልጠፉም፤ አባቴ ጋቢውን ከፍቶ ከጎኑ ካስቀመጠኝ በኋላ «ዓይኔ ናት» አላቸው፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨርሶ ስለማይሰማ፣ በእርጥብ ጋቢና በተቆላ ገብስ ሽታ ታፍነን፣ ዲዳ ሰዎች ሲሮጡ እናያለን፤ እኔም በአባቴ ጆሮ «ሁለት ለዜሮ» እያልኩ በኩራት አነባለሁ። ሕይወቴን በሙሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ የተፈለገ ንባብ ግን ከዚያ ወዲህ አላነበብኩም።

ያ ዓመት ያ የባጃጁ ተለጣፊ ክለብ በሊጉ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈበት ዓመት ነው። መስከረም አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፣ አልተሸነፉም። አያ ታረቀኝ ደጋፊያቸው ስለነበር ሪዙ በየሳምንቱ የሚረዝም ይመስል ነበር። እኔም በልቤ የእነሱ ሆንኩ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ከመሀል ሜዳ ተነስቶ ሲሮጥ ሣሩን የማይነካ የሚመስል አጥቂ ነበራቸው። አባቴ እንኳ እሱን ሲያይ ወደፊት ዘንበል ብሎ «ይሄ ሰው አይደለም፤ ጋማ ነው የቀረው» ይል ነበር።

ውርርዱ የመጣው ከጥር ጊዮርጊስ ማግስት ነው። ዳማው በበዓሉ ቀን ሁሉን ቀድሞ ስለነበር አባቴ ደስታውና ጠላው ገና አልበረደለትም። ዲሽ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አያ ታረቀኝ ተነስቶ «እነዚህ ልጆች እስከ ሊጉ መጨረሻ አይሸነፉም!» አለ።

አባቴ ሳቀ። «የማይወድቅ ፈረሰኛ የለም ታረቀኝ። የጋለበ ሁሉ መሬት ቀምሷል።»

«እነዚህ አይወድቁም አልኩህ።»

«ካልወደቁ ዳማውን ውሰደው።»

አያ ታረቀኝ ነገሩን በሳቅ ሊያበርደው «ከወደቁስ እኔ ምን ልስጥህ? በቃ፣ ሪዜን እላጭልሃለሁ!» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅኩ። አባቴ ግን አልሳቀም። «ይሁን። ሰው ሰምቷል» አለ። እናቴ ማታ ስትሰማ «በማታውቀው አገር ኳስ ፈረስ ይሰጣል?» ብላ ጠየቀችው። «አልሰጥም፤ ይወድቃሉ» አላት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ለእኔ ሌላ ቀን ሆነ። የማጨበጭብለት ክለብ ባሸነፈ ቁጥር ዳማው ከበረታችን አንድ እርምጃ ይርቃል። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ «ጊዮርጊስ ሆይ፣ አንዴ ብቻ ይሸነፉ» ብዬ እለምናለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ያ ረጅሙ ልጅ ኳስ ሲይዝ ልቤ ሳይጠይቀኝ አብሮት ይሮጣል። የፋሲካ ጾም መጨረሻ አካባቢ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ተሸነፉ። አባቴ ብድግ ብሎ «አላልኩም!» ሲል እኔ በእፎይታ አለቀስኩ። ግን ጨዋታዎቹ የሌሎች ዋንጫዎች ነበሩ። ውርርዱ በሊጉ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። አያ ታረቀኝ «ተወው ቸኮል፣ ይቆጠርልህ፤ ነገ ሪዜን እላጫለሁ» አለው፤ ከልቡ ነበር። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ምጽዋት ነው የምትሰጠኝ?» አለ። ያን ጊዜ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ክለቡ ዋንጫውን ቀድሞ ወስዷል፤ ተጋጣሚው ከሊጉ መውረዱን አስቀድሞ ያወቀ ደካማ ቡድን ነው። ግን ደካማው ቡድን አገባ። ዲሽ ቤቱ ተናወጠ፤ ግማሹ ለክለቡ አዘነ፣ ግማሹ ለዳማው ጮኸ። በእረፍቱ ጊዜ አባቴ እጄን ይዞ ነበር። «ስንት ለስንት ነው?» ይለኛል፣ እያወቀ። «አንድ ለዜሮ። እየተሸነፉ ነው አባዬ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀኛል።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ፍፁም ቅጣት ምት አገኙና አቻ ሆኑ። አባቴ እጄን አልለቀቀም፤ በአቻ ቢያልቅ እንኳ ዳማው እንደሚሄድ ገና አልተረዳሁም ነበር። ከዚያ ከመሀል ሜዳ የተላከች ኳስ ተከላካዮቹን ሰንጥቃ ገባች፣ አምበሉ ከኋላ ሮጦ ደረሰባት፣ በረኛውን አለፈ፣ አስገባ። እኔም ዘለልኩ። እጄን ከአባቴ እጅ መንጭቄ፣ አግዳሚው ላይ ቆሜ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል «ገባ!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው አፌን ያዝኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረውም። ቁጣ ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የሆነ ነገር እንዳልገባው ሰው ብቻ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። ሲያልቅ «ስንት ለስንት?» አለኝ። «ሁለት ለአንድ» አልኩት። «በይ፣ ተነሺ እንሂድ» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ደብዳቤ እንኳ ሲመጣ ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ ነበር።

በማግስቱ ዳማውን አጥቦ፣ ጋማውን አበጥሮ፣ አያ ታረቀኝ ደጅ አስሮት ተመለሰ። አያ ታረቀኝ ከሰዓት ይዞት መጣ፤ አባቴ በር አልከፈተም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ይዞ መጣ። «ቸኮል፣ ቀልድ እኮ ነው! በልጅህ ክርስትና ይዤሃለሁ፣ ተቀበለኝ» እያለ በዝናብ ቆሞ ለመነው። አባቴ ከውስጥ ሆኖ «ቃሌን ስታስበላኝ ሰው ምን ይለኛል?» ብቻ አለ። አያ ታረቀኝ የመርፌ ሰው ነው፤ ግጦሽ የለው፣ በረት የለው። ክረምቱን እንደምንም አብልቶ መስከረም ላይ ሸጠው፤ ገንዘቡንም ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ እንጂ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

በዓመቱ አባቴ በቆሎ ሊገዛ ጫግኒ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ የአውቶቡሱ ጡሩምባ። እህል ተራው ጋ አንድ ጋሪ ጆንያ ተጭኖ ቆሟል፤ የሚጎትተው ፈረስ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ትከሻው ቆስሎ ዝንብ ሰፍሮበታል፣ ግንባሩ ላይ ጣት የምታህል ነጭ አለችው። አባቴ ሳል ነበረበት። ሲያስል ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። አባቴ ወደ ባለጋሪው ሄዶ በትሕትና አስፈቅዶ ማሰሪያውን አላላ፤ ከአንገቱ ላይ ፎጣውን አውልቆ ቁስሉ ላይ ደልዳላ አድርጎ አነጠፈለት፤ ጆሮው አጠገብ በአዊኛ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ነገረውና ተመለሰ። ጋሪው ሄደ። «አባዬ፣ ዳማው ነው እኮ» አልኩት እያለቀስኩ። «አይደለም። ሌላ ፈረስ ነው» አለኝ። በቆሎውን ሳንገዛ ተመለስን።

ሌላ ፈረስ አልገዛም። በየዓመቱ በጥር ጊዮርጊስ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሜዳው ሲጎርፍ እሱ ማሳው ላይ ድንች ይቆፍር ነበር። እኔ ተማርኩ፣ ተቀጠርኩ፣ ለበዓል እየመጣሁ እግሩን ሳምኩ፤ ያን ቀን ስለዘለልኩት ዝላይ ግን አንድ ቃል ሳልናገር ዓመታት አለፉ። በሚቀጥለው እላለሁ፣ በሚቀጥለው። ይቅርታ መጠየቅ እሱን እዚያ ዲሽ ቤት ውስጥ መልሶ ማስቀመጥ መስሎ ይታየኝ ነበር።

አምና አባቴ ሲሞት መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ከዳንግላ እንጅባራ ስንት ነው? ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚመለሱበት መንገድ ነው። እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን፣ ለሣልስቱ ነው። ቀብሩን የነገረችኝ እናቴ ናት። በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ከአስከሬኑ ኋላ ይሳባል። አባቴ ፈረስ አልነበረውም። ጎረቤቶች የራሳቸውን ሊያመጡ ሲሉ አያ ታረቀኝ፣ ዛሬ በምርኩዝ የሚሄደው ሽማግሌ፣ «የሰው ፈረስ አይሳብለትም» አለ። ከጓዳ የአባቴን አሮጌ ኮርቻ አውጥቶ በትከሻው ተሸከመና ከሬሳው ኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ሄደ። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ማንንም አላስነካም።

አመሻሽ ላይ ብቻዬን ወደ መቃብሩ ሄድኩ። አፈሩ ገና አልጠጠረም፤ ዝናቡ እየሸረሸረው ነበር። ይዤው የመጣሁትን የይቅርታ ቃል ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደምጀምር ጠፋብኝ። እስኪጨልም ቆሜ ሳልናገር ተመለስኩ።