የወንድሜ ሞተር ጎማ

የእናቴ ልብ ደካማ ነው፤ ዓይኗም አያይም። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ታሞ ሲሞት ዘመድ ተመካክሮ «መርዶው ይቆይ» አለ። እሷን «ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ» አልናት። ለውሸት ሲሆን መቼም የማይስማማ ዘመድ የለም።

የቸገረን ሞተር ሳይክሉ ነው። አሁን ታናሻችን ይነዳዋል። ያ ጥርሳም የገጠር ጎማ አስፋልቱ ላይ ሲያጉረመርም እናቴ ግድግዳ ይዛ ትነሳና «መጣልኝ!» ትላለች። አንጀቴ አልቻለም። ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ወዳለ ጎሚስታ ወሰድሁት።

«የከተማ ቸርኬና ለስላሳ ጎማ ግጠምልኝ።»

«እትዬ፣ በዚህ እኮ የገሳይ መንገድ ጭቃ አይወጣም!»

«ጭቃው ውስጥ የምትገባው አንተ ነህ? ግጠም!»

አመሻሽ ላይ ሞተሩ ያለዚያ ጉርምርምታ ግቢ ገባ። እናቴ አልተነሳችም። እፎይ አልሁ።

ታናሻችን ሊስማት ጎንበስ ሲል እጁን ያዘችው። «ጎማውን ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኝ» አልኋት።

«መሞቱንማ ከድምፃችሁ ካወቅሁ ሰነበትሁ፣ ልጄ» አለችኝ። «የምነሳለትን ለምን ወሰድሽብኝ?»